ጆቫኒ ፋልኮኔ፦ የማፊያን ገንዘብ ተከትለው ማፊያን ለፍርድ ያቀረቡት ዳኛ

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ግንቦት 15 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ ሜይ 23 ቀን 1992። ከሮም የተነሣች አነስተኛ የመንግሥት አውሮፕላን አመሻሽ ላይ ፑንታ ራይዚ አረፈች። ፑንታ ራይዚ የሲሲሊ ደሴት ዋና ከተማ የፓሌርሞ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ከአውሮፕላኗ የወረዱት ዳኛ ጆቫኒ ፋልኮኔና እንደርሳቸው ዳኛ የሆኑት ባለቤታቸው ፍራንቼስካ ሞርቪሎ ነበሩ። ጥይት የማይበሳቸው ሦስት መኪኖች ይጠብቋቸው ነበር። ፋልኮኔ የመካከለኛዋን ነጭ ፊያት መሪ ራሳቸው ጨበጡ፤ ባለቤታቸው ከጎናቸው ተቀመጡ፤ ሾፌራቸው ወደ ኋላ ወንበር ተሻገረ።

ካፓቺ ከምትባል አነስተኛ ከተማ አጠገብ ሲደርሱ፣ ከአስፋልቱ ሥር ባለ የውኃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ የተጠመደ ወደ 500 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ፈንጂ ፈነዳ። ያፈነዳው ኮረብታ ላይ አድፍጦ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ነው፤ በእጁ የያዘው የርቀት መቆጣጠሪያ ብቻ ነበር።

ከፊት በምትመራው መኪና የነበሩት ሦስት ጠባቂ ፖሊሶች፣ ቪቶ ስኪፋኒ፣ ሮኮ ዲቺሎና አንቶኒዮ ሞንቲናሮ፣ ወዲያውኑ ሞቱ። ፋልኮኔና ባለቤታቸው በዚያው ምሽት ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ከኋላ የተቀመጠው ሾፌር ተረፈ። ፋልኮኔ 53 ዓመት ከሞላቸው ገና 5 ቀናቸው ነበር።

አንድ ሰው ለመግደል አውራ ጎዳና እስከማፍረስ ያደረሰው ጥላቻና ፍርሃት ከየት መጣ? መልሱ ያለው ፋልኮኔ ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት 12 ዓመታት በሠሩት ሥራ ውስጥ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካልሳ ልጅ

ጆቫኒ ፋልኮኔ ሜይ 18 ቀን 1939 በፓሌርሞ ጥንታዊ ሰፈር በካልሳ ተወለዱ። አባታቸው የአውራጃው የኬሚካል ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበሩ። ጆቫኒ ከአናና ከማሪያ ቀጥለው የተወለዱ የቤቱ ብቸኛ ወንድ ልጅ ናቸው።

ከ8 ወራት በኋላ በዚያው ሰፈር ፓውሎ ቦርሴሊኖ ተወለዱ። ሁለቱ ልጆች በአንድ ሜዳ ኳስ ተጫወቱ፤ አድገውም በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ሠሩ። አብረዋቸው ከተጫወቱት የሰፈር ልጆች መካከል ጎልምሰው ማፊያን የተቀላቀሉ ነበሩ። ፋልኮኔ ስለ ማፊያ የተማሩት ከመጽሐፍ አልነበረም። አነጋገሩን፣ ዝምታውንና የዓይን ጥቅሻውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር።

ለአጭር ጊዜ በባሕር ኃይል አካዳሚ ከቆዩ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው ሕግ አጠኑ፤ በ1961 ተመረቁ፤ በ1964 የዳኝነቱን ሙያ ተቀላቀሉ። በምዕራብ ሲሲሊ በምትገኘው ትራፓኒ 12 ዓመት ገደማ ሠርተው በ1978 ወደ ፓሌርሞ ሲመለሱ መጀመሪያ የተመደቡት የኪሳራ ጉዳዮች በሚታዩበት ክፍል ነበር።

ያ ምድብ የሒሳብ መዝገብ ማንበብን አስተማራቸው። አንድ ኩባንያ ያለውን ገንዘብ እንዴት እንደሚደብቅ፣ የሌለውን ደግሞ እንዴት ያለ እንደሚያስመስል እዚያ ተረዱ። ይህ ዕውቀት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዋና መሣሪያቸው ሆነ።

ገንዘብ አሻራ ይተዋል

ፋልኮኔ ወደ ፓሌርሞ የተመለሱት ከተማዋ በሄሮይን ገንዘብ በተጥለቀለቀችበት ወቅት ነው። ከእስያ የሚመጣው ጥሬ ዕቃ በሲሲሊ ድብቅ ቤተ ሙከራዎች እየተጣራ ወደ አሜሪካ ይሻገር ነበር። ዶላሩ ተመልሶ ወደ ደሴቷ ይገባል፤ በፎቅና በመሬት መልክም ሕጋዊ ካባ ይለብሳል።

ይህን ለማስቆም የሞከሩ ሹማምንት አንድ በአንድ ይወድቁ ነበር። በጁላይ 1979 የፖሊስ መርማሪው ቦሪስ ጁሊያኖ፣ በሴፕቴምበር ዳኛ ቼዛሬ ቴራኖቫ ተገደሉ። በጃንዋሪ 1980 የሲሲሊ ክልል ፕሬዝዳንት ፒየርሳንቲ ማታሬላ ተረሸኑ፤ እርሳቸው በኋላ የጣሊያን ፕሬዝዳንት የሆኑት የሰርጆ ማታሬላ ወንድም ናቸው። በኦገስት ደግሞ የፓሌርሞ ዋና ዐቃቤ ሕግ ጌታኖ ኮስታ ተራቸው ደረሰ። ኮስታ የባልደረቦቻቸውን ማመንታት አይተው በአንድ ትልቅ የሄሮይን መዝገብ ላይ የእስር ማዘዣውን ብቻቸውን የፈረሙ ሰው ነበሩ።

ያ መዝገብ የሮዛሪዮ ስፓቶላ መዝገብ ይባላል። ስፓቶላ የታወቀ የሕንፃ ተቋራጭ ነበር። የመርማሪ ዳኞች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት ሮኮ ኪኒቺ ጉዳዩን ለፋልኮኔ ሰጡ።

እስከዚያ ድረስ የማፊያ ክሶች በአብዛኛው የሚከሽፉበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ምስክር አይገኝም። ያየ አላየሁም ይላል፤ የመሰከረ ቃሉን ይለውጣል፣ ወይም ይጠፋል። ፋልኮኔ ግን ሊያስፈራሩት የማይቻል ምስክር ፈለጉ፤ ወረቀት። ለባንኮች ደብዳቤ ጽፈው የቼክና የውጭ ምንዛሪ ሰነዶችን አስመጡ። ሰነዱ በካርቶን ተጭኖ መጣ። ማን ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደከፈለ እያንዳንዷን ወረቀት እያገላበጡ በእጃቸው መዘገቡ።

የባንክ ሰነዱ ከፓሌርሞ አልፎ ወደ ሌሎች የጣሊያን ከተሞች፣ ወደ ስዊዘርላንድና ወደ ኒው ዮርክ መራቸው። ፋልኮኔም ተከተሉት። በ1980 መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተጉዘው ከዚያ አገር ዐቃቤያነ ሕግና መርማሪዎች ጋር በቀጥታ መሥራት ጀመሩ። ወንጀሉ ድንበር ተሻግሮ እየሠራ ምርመራው ድንበር ላይ የሚቆም ከሆነ ትርፉ ድካም ብቻ እንደሆነ ቀድመው ከተረዱት አንዱ ነበሩ።

አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲቀጥል

በ1982 ሌሎች ሁለት ግድያዎች አገሪቱን አናወጧት። በኤፕሪል፣ የማፊያን ሀብት ለመውረስ የሚያስችል የሕግ ረቂቅ ያቀረቡት የምክር ቤት አባል ፒዮ ላ ቶሬ ተገደሉ። በሴፕቴምበር 3 ደግሞ ሽብርተኝነትን በመዋጋት ዝና ያተረፉትና ወደ ፓሌርሞ ከተላኩ ገና 100 ቀናት ገደማ የሆናቸው ጄኔራል ካርሎ አልቤርቶ ዳላ ኪየዛ ከባለቤታቸው ጋር መንገድ ላይ ተረሸኑ።

ላ ቶሬ ያረቀቁት ሕግ የጸደቀው ጄኔራሉ ከተገደሉ ከ10 ቀናት በኋላ ነው። ሕጉ የማፊያ ድርጅት አባል መሆንን በራሱ ወንጀል አደረገ፤ ምንጩ ያልታወቀ ሀብት እንዲወረስም ፈቀደ። መንግሥት ሕግ ለማውጣት የሬሳ ሣጥን እየጠበቀ ነው የሚለው ወቀሳ ከዚያ ወዲህ ሲሲሊን አልተለያትም።

ጁላይ 29 ቀን 1983 ሮኮ ኪኒቺ ከቤታቸው ሲወጡ ደጃፋቸው ላይ በቆመች መኪና ውስጥ የተጠመደ ፈንጂ ገደላቸው። እርሳቸውን ለመተካት ከፍሎረንስ የመጡት አንቶኒኖ ካፖኔቶ ለጡረታ የተቃረቡ ሰው ነበሩ።

ካፖኔቶ ያደረጉት ነገር ቀላል ቢመስልም ነገሩን ሁሉ ለወጠው። ፋልኮኔን፣ ቦርሴሊኖን፣ ጁሴፔ ዲ ሌሎንና ሌኦናርዶ ጓርኖታን አንድ ቡድን አደረጓቸው። አራቱ ዳኞች የማፊያን ጉዳይ ብቻ ይይዛሉ፤ አንዱ ያወቀውን ሁሉም ያውቃሉ፤ አስፈላጊ ውሳኔዎችንም በጋራ ይፈርማሉ። ቀድሞ አንድ ዳኛ ሲገደል መዝገቡም አብሮት ይቀበር ነበር። ከዚህ በኋላ ግን አንዱን መግደል ምርመራውን አይገድለውም። ማፊያው ድርጅት ነውና የሚገጥመውም ድርጅት መሆን ነበረበት።

ዝምታ ሲሰበር

በጁላይ 1984 ቶማሶ ቡሼታ ከብራዚል ተላልፎ ለጣሊያን ተሰጠ። ቡሼታ ለረጅም ዓመታት በማፊያው ውስጥ ትልቅ ስም የነበረው ሰው ነው። የኮርሊዮኔ ከተማ ሰዎች በቶቶ ሪና መሪነት የማፊያውን ሥልጣን ለመጠቅለል በከፈቱት ጦርነት ሁለት ወንዶች ልጆቹን ጨምሮ በርካታ ዘመዶቹን አጥቷል። ተላልፎ ከመሰጠቱ በፊት መርዝ ጠጥቶ ራሱን ለማጥፋትም ሞክሮ ነበር።

ለመናገር የመረጠው ለፋልኮኔ ነበር። ዳኛው ለሳምንታት ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ቃሉን በእጃቸው ጻፉ። ቡሼታ የድርጅቱን እውነተኛ ስም ነገራቸው፤ አባላቱ የሚጠሩት ኮዛ ኖስትራ ብለው ነው። የአባልነት መሐላውን፣ ቤተሰብ የሚባሉትን ቡድኖች አወቃቀር፣ ከሁሉም በላይ ያለውንና ትላልቅ ግድያዎችን የሚወስነውን ጉባኤ አብራራላቸው። ማፊያ የሚባል ድርጅት የለም፣ የሲሲሊያውያን ጠባይና ልማድ ነው እንጂ የሚለው የቆየ ክርክር በዚህ ፈረሰ።

ፋልኮኔ ግን የሰሙትን ሁሉ አላመኑም። ቡሼታ የጠቀሰው ቀን፣ ቤት፣ ሰው፣ የስልክ ቁጥር ሁሉ በሌላ ማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ ለእርሳቸው ገና ማስረጃ አልነበረም። ወንጀለኛ ሲናዘዝ የሚበቀልም፣ የሚዋሽም፣ የሚያተርፍም ሊኖር እንደሚችል ያውቁ ነበር።

ቡሼታ አንድ ጉዳይ ብቻ አልነካም አለ፤ ማፊያው ከፖለቲከኞች ጋር ያለውን ግንኙነት። መንግሥት ያንን ለመስማት ገና ዝግጁ አይደለም ብሎ ያምን ነበር። ለዳኛውም ማስጠንቀቂያ ሰጥቷቸዋል፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ ከኮዛ ኖስትራ ጋር የገቡበት ሒሳብ የሚዘጋው በሞት ብቻ እንደሆነ።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1984፣ 366 የእስር ማዘዣዎች ወጡ።

ታላቁ ችሎት

በ1985 ክረምት የቡድኑ የቅርብ ረዳት የነበሩ ሁለት የፖሊስ መኮንኖች፣ ቤፔ ሞንታናና ኒኒ ካሳራ፣ በ9 ቀናት ልዩነት ተገደሉ። ቀጣዮቹ ፋልኮኔና ቦርሴሊኖ እንደሆኑ የተረዱ ባለሥልጣናት ሁለቱን ከነቤተሰቦቻቸው ወደ አዚናራ ደሴት ወሰዷቸው። አዚናራ በዚያን ጊዜ የእስር ቤት ደሴት ነበረች። ዳኞቹ ከ8 ሺህ ገጽ በላይ የሆነውን የክስ ውሳኔ የተወሰነ ክፍል የጻፉት እዚያ ነው። ከተመለሱ በኋላ መንግሥት የመኝታና የምግብ ሒሳብ እንዲከፍሉ ደረሰኝ ላከላቸው።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1986 ችሎቱ ተከፈተ። በፓሌርሞው የኡቻርዶኔ እስር ቤት አጠገብ ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ የተሠራው አዳራሽ የሮኬት ጥቃት እንዲቋቋም ታስቦ የተገነባ ነበር። ወደ 475 የሚጠጉ ተከሳሾች ቀረቡ፤ የታሰሩት በግድግዳው ዙሪያ በተደረደሩ የብረት ፍርግርጎች ውስጥ ተቀመጡ። ችሎቱን በሊቀመንበርነት የመሩት ዳኛ አልፎንሶ ጆርዳኖ ነበሩ።

ከ22 ወራት በኋላ፣ ዲሴምበር 16 ቀን 1987፣ ፍርዱ ተነበበ። 19 ሰዎች የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ የሌሎቹ ቅጣት ተደምሮ 2,665 ዓመት ሆነ። በሌለበት ከተፈረደባቸው መካከል ቶቶ ሪና ይገኝበታል። 114 ተከሳሾች ደግሞ በነፃ ተሰናበቱ። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ባይነሣም ለፍርዱ ክብር የሰጠው እርሱ ነው፤ ችሎቱ ማስረጃ ሲመዝን እንጂ ሲበቀል እንዳልነበረ አሳይቷል።

ከድል በኋላ የመጣ ብቸኝነት

ካፖኔቶ ወደ ፍሎረንስ ለመመለስ ሲወስኑ ቦታቸውን ፋልኮኔ እንደሚይዙ ብዙዎች ጠበቁ። የጣሊያን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ግን በጃንዋሪ 1988፣ በ14 ድምፅ ለ10፣ ሌላ ሰው መረጠ። የተመረጡት አንቶኒኖ ሜሊ በአገልግሎት ዘመን የሚበልጡ ቢሆኑም የማፊያ ምርመራ ልምድ አልነበራቸውም። ምክንያቱ የዕድገት ቅደም ተከተል ነው ተባለ።

ሜሊ ማፊያን እንደ አንድ ድርጅት ማየቱን ትተው መዝገቦቹን በየቦታው በታተኑ። ማፊያው በጥይት ያላፈረሰውን ቡድን የመሥሪያ ቤት አሠራር አፈረሰው።

በጁን 1989፣ ፋልኮኔ ለበጋ በተከራዩት በአዳውራ የባሕር ዳር ቤት አጠገብ ፈንጂ የታጨቀ ቦርሳ ተገኘ። ከእርሳቸው ጋር በገንዘብ ዝውውር ጉዳይ የሚሠሩት ካርላ ዴል ፖንቴን ጨምሮ የስዊዘርላንድ ባልደረቦቻቸው በዚያ ሰሞን እንግዶቻቸው ነበሩ። ፈንጂውን ዝና ፈልገው ራሳቸው አስቀመጡት የሚል ሐሜት በከተማዋ ተነዛ። ስማቸውን የሚያጠፉ ፊርማ የሌላቸው ደብዳቤዎችም ተሠራጩ።

ፋልኮኔ በባሕርያቸው ቁጥብ ሰው ነበሩ። ከእንጨትና ከሸክላ የተሠሩ የዳክዬ ምስሎችን ይሰበስቡ ነበር። ለዓመታት በጠባቂ ታጅበው ስለኖሩ ሲኒማ ቤት መግባትና በመንገድ ላይ መንሸራሸር ቀርቶባቸው ነበር። በ1986 ከፍራንቼስካ ጋር ሲጋቡ ሥነ ሥርዓቱ የተፈጸመው በጥቂት ሰዎች ፊት፣ በጸጥታ ነበር።

ሮም ላይ የተሠራ ምሰሶ

በ1991 ወደ ሮም ሄደው በፍትሕ ሚኒስቴር የወንጀል ጉዳዮች ዳይሬክተር ሆኑ። ከቀድሞ ባልደረቦቻቸው ብዙዎቹ ለፖለቲከኞች እጃቸውን ሰጡ ብለው ወቀሷቸው። እርሳቸው ግን በፓሌርሞ አንድ ክፍል ውስጥ የተሞከረውንና የፈረሰውን ሥራ ማንም ሹም በቀላሉ ሊበትነው በማይችል ሕግ ላይ ለማቆም ነበር የሄዱት።

በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሦስት ነገሮች መልክ ያዙ። የተለያዩት የፖሊስ ኃይሎች በጋራ የሚሠሩበት ብሔራዊ ፀረ ማፊያ የምርመራ ተቋም ተመሠረተ። በ26 አውራጃዎች ልዩ የዐቃቤ ሕግ ክፍሎች ተዋቅረው በአንድ ብሔራዊ ዐቃቤ ሕግ እንዲተባበሩ ተደረገ። ከፍትሕ ጋር ለሚተባበሩ ወንጀለኞችና ለቤተሰቦቻቸው ጥበቃና የቅጣት ቅነሳ የሚሰጥ ሕግም ወጣ።

ፋልኮኔ ራሳቸው ለፈጠሩት የብሔራዊ ዐቃቤ ሕግነት ቦታ ሲወዳደሩ ግን የጉባኤው ኮሚሽን ሌላ ዕጩ አስቀደመ።

ጃንዋሪ 30 ቀን 1992 የጣሊያን ሰበር ሰሚ ችሎት የታላቁን ችሎት ፍርድ አጸና። ይግባኝ ሁሉን ያስተካክላል ብለው ሲጠብቁ ለነበሩት የማፊያ አለቆች ይህ የማይታመን ነበር። በማርች ወር ጥቅማችንን ማስጠበቅ አልቻለም ያሉትን ፖለቲከኛ ሳልቮ ሊማን ገደሉ። ከዚያ ተራው የፋልኮኔ ሆነ።

57 ቀናት

ከካፓቺ ፍንዳታ 57 ቀናት በኋላ፣ ጁላይ 19፣ ፓውሎ ቦርሴሊኖ እናታቸውን ሊጠይቁ በሄዱበት በር ላይ በመኪና ፈንጂ ከ5 ጠባቂዎቻቸው ጋር ተገደሉ።

ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በየሰገነቱ ነጭ አንሶላዎች ተሰቀሉ፤ ለዘመናት በጆሮ የሚንሾካሾኩት ቃል በጨርቅ ላይ ተጽፎ ታየ። መንግሥት ሠራዊቱን ወደ ሲሲሊ ላከ፤ የማፊያ አለቆች ከእስር ቤት ሆነው ትእዛዝ እንዳይሰጡ የሚያደርገውን ጥብቅ የእስር ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ። ከ20 ዓመታት በላይ የተሰወረው ቶቶ ሪና በጃንዋሪ 1993 እዚያው ፓሌርሞ ውስጥ ተያዘ። ከታሰረባቸው ቦታዎች አንዷ አዚናራ ነበረች፤ ፋልኮኔና ቦርሴሊኖ ክሱን የጻፉባት ያቺው ደሴት።

የካፓቺን ፈንጂ ያፈነዳው ጆቫኒ ብሩስካ በ1996 ተይዞ መናገር ጀመረ። በተባባሪዎች ሕግ መሠረት ቅጣቱ ተቀንሶለት ከ25 ዓመት እስር በኋላ በ2021 ተፈታ። ብዙ ጣሊያናውያን ተቆጡ። የዳኛው እህት ማሪያ ፋልኮኔ ግን እንደ ሰው ቢያማቸውም ይህ ወንድማቸው የፈለጉት ሕግ በመሆኑ መከበር እንዳለበት ተናገሩ።

ከፓሌርሞ እስከ አፍሪካ ቀንድ

በዲሴምበር 2000 የተባበሩት መንግሥታት ድንበር ተሻጋሪ የተደራጀ ወንጀልን ለመከላከል ያወጣውን ስምምነት አገራት የፈረሙት በፓሌርሞ ነው። ከስምምነቱ ጋር ስለ ሰዎች ንግድና ስደተኞችን በሕገ ወጥ መንገድ ስለማሻገር የሚደነግጉ ሁለት ፕሮቶኮሎች ቀርበዋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2007 አጽድቃለች፤ በ2020 ያወጣችው የሰዎች ንግድን የሚከላከል አዋጅ ቁጥር 1178ም ከዚያ ቤተሰብ የሚመደብ ነው።

ግንኙነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። በኦክቶበር 2013 በላምፔዱዛ ደሴት አቅራቢያ ከ360 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ በባሕር ሰጥመው ካለቁ በኋላ፣ የፓሌርሞ ዐቃቤያነ ሕግ በማፊያ ላይ የተማሩትን ዘዴ በሰው አሻጋሪዎች ላይ አዋሉት። ስልክ ጠለፉ፤ በሀዋላ የሚተላለፈውን ገንዘብ ተከታተሉ፤ ከደላሎቹ መካከል ለመናገር የፈቀደ ፈለጉ።

ዘዴው ያለ ጥንቃቄ ሲሠራበት ምን እንደሚያስከትልም በዚያው ታየ። በታወቀ አሻጋሪ ስም ተይዞ የቀረበ አንድ ወጣት ሦስት ዓመት ገደማ ከታሰረ በኋላ፣ የፓሌርሞ ፍርድ ቤት የተያዘው ሌላ ሰው እንደሆነ በ2019 አረጋገጠ። ፋልኮኔ የቡሼታን እያንዳንዷን ቃል በሌላ ማስረጃ ሳያመሳክሩ አይቀበሉም የነበረው ለዚህ ነው።

ፑንታ ራይዚ አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ የሚጠራው በሁለቱ ዳኞች ስም ነው። ፋልኮኔ ይኖሩበት በነበረው ሕንፃ ፊት ለፊት ያለ አንድ ትልቅ የሾላ ዘር ዛፍ ግንዱ በልጆች ደብዳቤና ሥዕል ይሸፈናል። በየዓመቱ ሜይ 23 ተማሪዎች እዚያ ይሰበሰባሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ፈንጂው በፈነዳባት ደቂቃ፣ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ የሟቾቹም ስም አንድ በአንድ ይነበባል።